የአረጋዊው ጤና በተንከባካቢው እጅ

ጧሪና ደጋፊ ያጡ አረጋውያንን፣ የአእምሮ ሕሙማንንና የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ወገኖችን ሰብስበው የሚንከባከቡ ማዕከላት በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ትልቅ አገራዊ ሸክም ተሸክመዋል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን፣ የእማሆይ ቴሬዛ የበጎ አድራጎት ማዕከላትን፣ እንዲሁም በየአካባቢው በኅብረተሰቡ ድጋፍ የቆሙ አነስተኛ ማዕከላትን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። ኅብረተሰቡም ለእነዚህ ማዕከላት ያለውን ፍቅር ምግብ በማብላት፣ ልብስ በማልበስ፣ ልደቱንና ሠርጉን ከአረጋውያኑ ጋር በማክበር ሲገልጽ ይታያል። ይህ ሊመሰገንና ሊጠናከር የሚገባው ባህል ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው በአንድ ግቢ በሚኖርበት፣ አንድ ተንከባካቢ በቀን ብዙ ሰዎችን በሚያነሳበትና በሚያስተኛበት ቦታ አዘውትሮ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ አለ። አረጋዊውን የሚያጎርሰው፣ የሚያለብሰው፣ ዳይፐሩን የሚቀይረው እጅ ንጹሕ ነው ወይ? ያንን እጅ ለማጽዳትስ ውኃና ሳሙናው በቅርብ አለ ወይ? በዛሬው የጤና ዓምዳችን በመንከባከቢያ ማዕከላት ውስጥ የእጅ ንጽሕናንና የኢንፌክሽን መከላከልን እንመለከታለን።

ማዕከላት ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ?

በዕድሜ የገፋ ሰው የሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅም እየደከመ ይሄዳል። ቆዳው ስለሚሳሳ በቀላሉ ይላጣል፤ ይቆስላል። ሳሉ ስለሚደክም ወደ ሳንባው የወረደውን አክታ አውጥቶ ለመትፋት ይቸገራል። ብዙዎቹ አረጋውያን ደግሞ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም አለባቸው። አልጋ ላይ ለረጅም ጊዜ በመተኛት የሚመጣ ቁስል ያለባቸው፣ የሽንት ቱቦ የተገጠመላቸውም አሉ። እነዚህ ሁሉ ለጀርም የተከፈቱ በሮች ናቸው። አንድ ጤነኛ ወጣት በሁለት ቀን የሚገላገለው ተቅማጥ የ80 ዓመት አዛውንትን የሰውነት ፈሳሽ አሟጦ ለሕይወት አስጊ ደረጃ ላይ ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የአኗኗሩ ሁኔታ ነው። ሆስፒታል የገባ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በማዕከል የሚኖር አረጋዊ ግን ቤቱ እዚያው ነው። መኝታ ክፍሉን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የመመገቢያ አዳራሹንና ተንከባካቢውን ከሌሎች ጋር ለወራትና ለዓመታት ይጋራል። አንድ ጊዜ የገባ ተላላፊ በሽታ በቀላሉ ከግቢው አይወጣም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ምክንያት አቅም ማጣት ነው። እኛ እጃችንን መታጠብ ስንፈልግ ተነሥተን እንታጠባለን። ያልታጠበ እጅ ምግባችንን ሲነካ ካየንም እንናገራለን። ሽባ የሆነ፣ የመርሳት ሕመም ያለበት ወይም መናገር ያቃተው ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ሌላ ሰው ከሚረዳው ሰው ውለታ እየጠበቀ የሚኖር አረጋዊም ቢሆን ተንከባካቢውን «ልጄ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» ብሎ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ የእርሱ መብት የሚጠበቀው ሳይጠይቅ ሲደረግለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በአነስተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች 15ቱ በዚያው በሕክምና ቆይታቸው ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው አመልክቷል። በከፍተኛ ገቢ አገሮች ቁጥሩ 7 ነው። በዚሁ ሪፖርት መሠረት የእጅ ንጽሕናንና ሌሎች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ የመከላከያ ዘዴዎችን በመተግበር ከእነዚህ ኢንፌክሽኖች 70 በመቶውን መከላከል ይቻላል። አሐዙ የሆስፒታሎች ቢሆንም መልእክቱ በየዕለቱ ቁስል ለሚጠረግባቸውና ሽንት ለሚቀዳባቸው የመንከባከቢያ ማዕከላትም የሚሠራ ነው።

ከኮሮና ወረርሽኝ የተገኘ ትምህርት

በማዕከላት ውስጥ በሽታ እንዴት እንደሚዛመት ዓለም በግልጽ ያየው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኪርክላንድ በምትባል ከተማ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቫይረሱ ገባ። እስከ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ድረስ ከዚያ ማዕከል ጋር በተያያዘ 167 ሰዎች መያዛቸው ተረጋገጠ። ከእነዚህ 101ዱ ነዋሪዎች፣ 50ዎቹ ሠራተኞች፣ 16ቱ ጠያቂዎች ነበሩ። ከተያዙት ነዋሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሕይወታቸው አልፏል። ከሠራተኞቹ ግን በወቅቱ የሞተ አልነበረም።

ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎች ለበሽታው መዛመት በምክንያትነት የጠቀሷቸው ነገሮች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ሠራተኞች እያመማቸው ሥራ ይገቡ ነበር። ከአንድ በላይ በሆኑ ማዕከላት የሚሠሩ ነበሩ። በጓንትና በጭምብል አጠቃቀም ላይ በቂ ዕውቀት አልነበረም። የመከላከያ ቁሳቁስና የእጅ ሳኒታይዘር እጥረትም አጋጥሟል። ኮሮና በዋናነት በትንፋሽ የሚተላለፍ በመሆኑ እጅ መታጠብ ብቻውን አያቆመውም። ነገር ግን ታሪኩ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። በሽታው ከአልጋ ተነሥተው ከማይወጡት አረጋውያን ዘንድ የሚደርሰው ከውጭ ገብተው በሚወጡ ሰዎች በኩል ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ በኋላ በየባንኩ፣ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ውኃና ሳሙና መቀመጡን እናስታውሳለን። ወረርሽኙ ጋብ ሲል ግን ባልዲዎቹ ከየበሩ ተነሡ። በባንክ በር ላይ ባይመለሱ ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በአረጋውያን መኝታ ክፍል በር ላይ ግን መነሣት አልነበረባቸውም።

እጅ መቼ ይጸዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንክብካቤ የሚሰጡ ሰዎች እጃቸውን የሚያጸዱባቸውን አምስት ወቅቶች ለይቶ አስቀምጧል። እነርሱም ሰውየውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ መሆን ያለበትን ሥራ ከመሥራት በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ ወይም ሊነኩ ከሚችሉበት ሥራ በኋላ፣ ሰውየውን ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም በሰውየው ዙሪያ ያሉ ዕቃዎችን ከነኩ በኋላ ናቸው።

ይህንን ወደ ማዕከል የዕለት ሥራ እንመልሰው። አንዲት ተንከባካቢ ጠዋት ሥራዋን ስትጀምር በመጀመሪያው አልጋ ያሉትን እናት ከመንካቷ በፊት እጇን ታጸዳለች። ዳይፐር ከቀየረች በኋላ ጓንቷን አውልቃ እጇን ትታጠባለች። በዚያው እጅ ወደ ጽዋው ወይም ወደ መድኃኒቱ አትሄድም። ቁስል ከማሰሯ፣ ዐይን ላይ ጠብታ ከማድረጓ ወይም የሽንት ቱቦ ከመንካቷ በፊት እንደገና ታጸዳለች። ወደ ቀጣዩ አልጋ ከመሸጋገሯ በፊትም እንዲሁ። አልጋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ክራንቹን ወይም የሽንት ቤት ዕቃውን ብቻ ነክታ ብትመለስም እጇ ጀርም ይዟል፤ ይጸዳል።

በዚህ ላይ ለምግብ ቤት ሠራተኞች ምግብ ከማዘጋጀትና ከማቅረብ በፊት፣ ለሁሉም ደግሞ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ካሳሉና ካስነጠሱ በኋላ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው።

ትክክለኛው አስተጣጠብ

በሳሙናና በውኃ ሙሉው አስተጣጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። እጅን አርጥቦ፣ ሳሙና ቀብቶ መዳፍን፣ የእጅን ጀርባ፣ የጣቶችን መሐል፣ አውራ ጣትንና የጣቶችን ጫፍ ማሸት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ናቸው። ከዚያ በሚፈስ ውኃ ማለቅለቅና በንጹሕ ነገር ማድረቅ ይከተላል። እርጥብ እጅ ጀርም በቀላሉ ይቀበላል፤ ያስተላልፋልም። በበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ሁሉም የሚያብስበት አንድ ፎጣ የታጠበውን እጅ መልሶ ያቆሽሸዋል። የወረቀት ሶፍት ከሌለ ለየሰው ትንንሽ ጨርቅ አዘጋጅቶ በየቀኑ አጥቦ መጠቀም ይቻላል።

እጅ በዐይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ እስኪደርቅ ድረስ አሽቶ መጠቀም በቂ ነው። የአልኮሉ መጠን ከ60 በመቶ ማነስ የለበትም። ሆኖም በማዕከሉ ተቅማጥና ትውከት ከታየ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ይመረጣል። ምክንያቱም ተቅማጥ ከሚያስከትሉት ጀርሞች አንዳንዶቹን አልኮል በሚገባ አይገድላቸውም።

በማዕከላት ውስጥ ሳኒታይዘር ሲቀመጥ ሁለት ጥንቃቄዎች አይዘንጉ። አልኮል በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ከሻማ፣ ከከሰል ምድጃና ቡና ከሚፈላበት ቦታ መራቅ አለበት፤ እጅም ሳይደርቅ ወደ እሳት መቅረብ የለበትም። በሁለተኛ ደረጃ የአእምሮ ሕመም ወይም የመርሳት ችግር ያለባቸው ነዋሪዎች ሊጠጡት ይችላሉ። እንዲህ ባለ ክፍል ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ከመተው ይልቅ ተንከባካቢው በኪሱ የሚይዘው አነስተኛ ዕቃ ቢሰጠው ይመረጣል።

ጥፍር አጭር ይሁን። ቀለበትና የእጅ አምባር በሥራ ሰዓት ይውለቅ። ሥራው እጅን ደጋግሞ መታጠብን ስለሚጠይቅ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን መቀባት ይጠቅማል። የተሰነጠቀ እጅ ያማል። የሚያመው ሰው ደግሞ መታጠብ ይሸሻል።

ስለ ጓንትም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። አንድ ጓንት አድርጎ ከአልጋ አልጋ የሚዞር ተንከባካቢ ራሱን የተከላከለ ሊመስለው ይችላል። ለአረጋውያኑ ግን ያ ጓንት ካልታጠበ እጅ የተለየ አይደለም። ጓንት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሥራ ይደረጋል፤ ይጣላል። በአንድ ሰው ላይ እንኳ ቆሻሻ ሥራ ተሠርቶ ወደ ንጹሕ ሥራ ሲታለፍ ይቀየራል። ከመደረጉ በፊትና ከወለቀ በኋላም እጅ ይጸዳል።

የተረሳው እጅ

ስለ እጅ ንጽሕና ሲነገር ሁሉም የሚያስበው የተንከባካቢውን እጅ ነው። የአረጋዊው የራሱ እጅ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። አልጋ ላይ የሚውል ሰው በቀን ውስጥ ቁስሉን ያካል፣ ልብሱን ይነካካል፣ አፍንጫውን ያብሳል። እኛ እንጀራ የምንበላው በእጃችን ነው። በማንኪያ ከሚበላበት አገር ይልቅ በእኛ ዘንድ የተመጋቢው እጅ ንጽሕና ይበልጥ ያሳስባል።

በባህላችን ከማዕድ በፊት እጅ ማስታጠብ የአክብሮት ምልክት ነው። ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ፣ ፎጣ በክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከታላላቆች ጀምሮ ያስታጥባል። ይህ ወግ በመንከባከቢያ ማዕከላት በሚገባ ሊሠራበት ይችላል። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት አንድ ሰው ሞቅ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ሳፋ ይዞ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ቢያስታጥብ፣ መነሣት የማይችሉት ሁሉ ታጥበው ይበላሉ። ወጉ ግን አንድ ማሻሻያ ያስፈልገዋል። በብዙ ቤት ከምግብ በፊት በውኃ ብቻ ተለቅልቆ፣ ሳሙና የሚመጣው ከምግብ በኋላ የወጡን ቅባትና ሽታ ለማስለቀቅ ነው። በሽታን ለመከላከል ሳሙናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ከምግብ በፊት ነው። በሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃም ለሌላ ሰው እጅ መታጠቢያ ማድረግ አይገባም።

መታጠብ የሚያስፈራቸው ወይም የሚያስቆጣቸው ነዋሪዎች ይኖራሉ። በኃይል እጅ ይዞ መንከር ፍርሃቱን ያባብሳል። «አባባ፣ ምግብ ደርሷል፤ እጅዎን ላስታጥብዎ»፣ «እማማ፣ ውኃው ሞቅ ያለ ነው፤ ይሞክሩት» እያሉ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ሰው ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከምግብ በተጨማሪ ከመጸዳጃ ቤት መልስም የነዋሪዎች እጅ መታጠብ አለበት። ጥፍራቸውን በየሳምንቱ መቁረጥና የጥፍር መቁረጫውን ከሰው ወደ ሰው ሲሸጋገር ማጽዳትም የዚሁ አካል ነው።

ሳሙናው የት ነው ያለው?

እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ሰመልዌይስ የተባለው ሐኪም በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ወላዶች በብዛት የሚሞቱበትን ምክንያት ሲመረምር ሐኪሞቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ በዚያው እጃቸው እናቶችን እንደሚያዋልዱ ተረዳ። ማንኛውም ሰው እናቶችን ከመመርመሩ በፊት በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠብ አዘዘ፤ ውሕዱም በክፍሉ እንዲዘጋጅ አደረገ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱበት በነበረው ክፍል በሰኔ ወር ሞቱ ከ100 ወደ 2 ገደማ ወረደ። ትእዛዙ ብቻውን ይህንን ለውጥ አላመጣም። መታጠቢያው ሥራው ከሚሠራበት ቦታ መገኘቱም ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ዛሬም ችግሩ እዚያው ላይ ነው። አብዛኞቹ ተንከባካቢዎች እጅ መታጠብ እንደሚጠቅም ያውቃሉ። ነገር ግን ቧንቧው ከግቢው ጫፍ ከሆነ፣ ሳሙናው በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ከሆነ፣ አንድ ሰው ሃያ አረጋውያንን በአንድ ጠዋት ማንሣት ካለበት፣ በየአልጋው መሐል ሄዶ ታጥቦ እንዲመለስ መጠበቅ አይቻልም። ግድግዳ ላይ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ወረቀት መለጠፍና ተንከባካቢውን መገሠጽ ይህንን አይፈታውም። መፍትሔው መታጠቢያውን ወደ አልጋው ማቅረብ ነው።

ለዚህ ከባድ ወጪ አያስፈልግም። በየመኝታ ክፍሉ በር ላይ ባለቧንቧ ባልዲ፣ ከሥሩ የቆሻሻ ውኃ መቀበያ፣ በመረብ የተንጠለጠለ ሳሙና ማስቀመጥ ይቻላል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት አካባቢ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነው ውኃ ከሮቶው ወይም ከጀሪካኑ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ውኃ ሲያጥር ለልብስና ለወለል የሚውለው ይቀነስ እንጂ የእጁ አይቀነስ። ባልዲውን የሚሞላ፣ የሚያጥብና ሳሙና የሚተካ ሰው በስም መመደብም የግድ ነው። የሁሉም ኃላፊነት የሆነ ባልዲ በሦስተኛው ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ለጠያቂዎችና ለበጎ ፈቃደኞች

«ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው የመቄዶንያ መሪ ቃል ብዙ ወጣቶችን ለበጎ ሥራ አነሣስቷል። አረጋውያንን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው በዚህ ልብ ላይ የታጠበ እጅ ይጨምርበት።

በበዓላት ቀን የሚታየውን እናስብ። እንግዳው ከታክሲ ወርዶ፣ ገንዘብና ስልክ ሲነካ በዋለው እጅ አንዱን አዛውንት ያጎርሳል። ወደ ቀጣዩ አልፎ ያጎርሳል። ጣቱ የአንዱን ከንፈር ነክቶ ወደ ሌላው አፍ ይሄዳል። በሃያኛው ሰው ላይ ሲደርስ የሃያ ሰው ምራቅ በአንድ እጅ ተዳርሷል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ ነው፤ ማንም እንዲቀር አይመክርም። ነገር ግን ከማጉረስ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ደግሞ እጅን እንደገና ማጽዳት ወይም ለየሰው የተለየ ማንኪያ መጠቀም ያስፈልጋል። አረጋዊው ራሱ መጉረስ የሚችል ከሆነ እጁን አስታጥቦ ሳህኑን ማቅረብ ይበቃል።

ጉንፋን፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የሚያሳክክ ሽፍታ ያለበት ሰው ጉብኝቱን ለሌላ ሳምንት ያስተላልፍ። የመሳሳምና የመተቃቀፍ ሰላምታ በጉንፋን ወቅት እጅ ነሥቶ ሰላም በማለት ቢተካ ከአክብሮት የሚጎድል ነገር የለም። ልጆችን ይዘው የሚሄዱ ወላጆችም የልጆቹን እጅ ሲገቡም ሲወጡም ያስታጥቡ። ማዕከላት በበኩላቸው በመግቢያው በር ላይ ውኃና ሳሙና አዘጋጅተው፣ ለእንግዶች ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ገለጻ ቢሰጡ ማንም አይቀየምም።

ከእጅ ባሻገር

የእጅ ንጽሕና የመከላከሉ መሠረት ቢሆንም ብቻውን ሁሉንም አያደርግም። ብዙ እጅ የሚነካቸው ነገሮች፣ ማለትም የበር እጀታ፣ የአልጋ ጠርዝ፣ የተሽከርካሪ ወንበር መግፊያ፣ የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ በየቀኑ በውኃና በሳሙና ታጥበው በበረኪና ውሕድ ሊጸዱ ይገባል። ደም የፈሰሰበትን ቦታ ለማጽዳት 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር መቀላቀል ይቻላል። ውሕዱ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር በጥብቅ የተከለከለ ነው።

እከክ በብዛት ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ በቀላሉ ይዛመታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ምልክት ያሳየውን ብቻ ማከም በሽታውን አያጠፋውም። በጤና ባለሙያ ምክር አብረው የሚኖሩትና የሚንከባከቧቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም፣ ልብስና አንሶላቸውም በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት።

አረጋውያን ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉ። ድንገት ግራ መጋባት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ምግብ መቀነስ፣ ያለወትሮ መውደቅ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። በየቀኑ የሚያያቸው ተንከባካቢ ለውጡን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነውና ለነርስ ወይም ለቅርብ ጤና ጣቢያ ወዲያውኑ ያሳውቅ። በአንድ ክፍል ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተቅማጥ ወይም ትውከት ከጀመራቸው ደግሞ ሕሙማኑን መለየት፣ የሚንከባከባቸውን ሰው መለየትና በአቅራቢያው ላለው የጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የመጀመሪያው ባለድርሻ የማዕከሉ አመራር ነው። የሳሙና በጀት እንደ ምግብ በጀት ሊታይ ይገባዋል። ሳሙና ሲያልቅ የሚገዛ፣ የእጅ መታጠቢያዎችን በየቀኑ የሚከታተልና አዳዲስ ሠራተኞችንና በጎ ፈቃደኞችን የሚያሠለጥን ሰው መመደብ አለበት። የታመመ ተንከባካቢ የቀን ገቢው ሳይቀርበት ማረፍ የሚችልበት አሠራርም ያስፈልጋል። ቢቀር ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው እያሳለ መምጣቱ አይቀርም፤ የዚያ ዋጋ የሚከፈለው በአረጋውያኑ ላይ ነው።

ሁለተኛው ለጋሹ ኅብረተሰብ ነው። ብስኩት፣ ልብስና ለስላሳ መጠጥ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። በሚቀጥለው ጉብኝት አንድ ካርቶን ሳሙና፣ ጓንት፣ ዳይፐር፣ ባለቧንቧ ባልዲ ወይም አንድ ሮቶ ይታሰብ። ከመሄድ በፊት ስልክ ደውሎ «ምን ጎድሏችኋል?» ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ሦስተኛው መንግሥት ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የጤና ተቋማትን ንጹሕና ለታካሚ ምቹ ለማድረግ ንቅናቄ ሲያካሂድ ቆይቷል። ይህ ልምድ የጤና ተቋም ተብለው ላልተመዘገቡት፣ ነገር ግን በየቀኑ ሕሙማንን ለሚንከባከቡት ማዕከላት ሊደርስ ይገባል። የጤናና የማኅበራዊ ዘርፍ መሥሪያ ቤቶች ተቀናጅተው ለማዕከላቱ በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የተዘጋጀ አጭር መመሪያ፣ ለተንከባካቢዎች ሥልጠና፣ በየጊዜውም ድጋፋዊ ክትትል ቢያደርጉ ትልቅ እርምጃ ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ የመንከባከቢያ ማዕከላቱን በር ማንኳኳትም ይኖርባቸዋል። ውኃ አቅራቢ ተቋማትም በፈረቃ መርሐ ግብራቸው ለእነዚህ ግቢዎች ቅድሚያ ቢሰጡ ብዙ ሕይወት ይታደጋሉ።

አረጋውያኑን በቤቱ የሚጦር ቤተሰብም ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም። ከአልጋ የማይነሡ አባት ወይም እናት ያሉት ሰው ከማጉረሱ በፊትና ዳይፐር ከቀየረ በኋላ እጁን ይታጠብ፤ የእነርሱንም እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ያስታጥብ።

የዓለም የእጅ ንጽሕና ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ይታሰባል። ለአረጋውያኑ ግን ቀኑ በየጠዋቱ ነው። ዛሬ ማታ አንድ የማዕከል ኃላፊ በየመኝታ ክፍሉ ዞሮ በእያንዳንዱ በር ላይ ውኃና ሳሙና መኖሩን ቢያይ፣ ከሌለም ነገ ጠዋት እንዲኖር ቢያደርግ፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተሳክቷል ማለት ነው።